«ኪራዩ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ክፍል ይፈልጋሉ?» አይደለም። «የድርጅት ነዎት ወይስ የመንግሥት?» ነው። የድርጅት ነኝ ያለ ሰው የሚያየው ቤት ሌላ ነው፤ መምህር ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ ያለም ሌላ። አንዳንዴ ደግሞ ቤቱ ያው ሆኖ የሚነገረው ዋጋ ብቻ ይለያያል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በዲፕሎማ ተመርቄ ብዙ ዓመት በጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት ከጋምቤላ ከተማ ወደ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ እየተመላለስኩ ነው። አሁንም የሰፈሩ ሰው «ሲስተር» እያለ ይጠራኛል፤ ልጁ ያተኮሰውም፣ ቤት የሚፈልገውም ይመጣል። ስለ ቤት ኪራይ አንቺን ምን አገባሽ የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። ክሊኒክ በር ላይ ተሰልፎ ከሚጠብቀው በሽታ ብዙው ከቤት ይዞት የመጣው ስለሆነ ያገባኛል። ወባው፣ ተቅማጡ፣ ሳሉ የሚጀምረው ከሚኖሩበት ግቢና ከሚተኙበት ክፍል ነው።

በኪራይ የተጀመረች ከተማ

ጋምቤላ ራሷ በኪራይ የተጀመረች ከተማ መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ። መርከቦቹ ከካርቱም ወደ ጋምቤላ የሚወጡት ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ነበር። ቡናው የሚጫነው፣ ጨውና ጨርቁ የሚራገፈው ያን ጊዜ ነው። ውሃው ሲጎድል መርከቡም ይቆማል፤ ግርግሩም ይቀዘቅዛል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የጣቢያው ዘመን አበቃ።

ይህን ያነሳሁት ጠባዩ ዛሬም ስላልተለወጠ ነው። ይህች ከተማ መጪና ሂያጅ የሚያሞቃትና የሚያቀዘቅዛት ናት። የቤት ኪራዩም የሚሄደው ከመጪውና ከሂያጁ ጋር ነው።

በእኛ ዘመን የመጣው ትልቁ ማዕበል የደቡብ ሱዳን ጦርነት ነው። ጦርነቱ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ሲፈነዳ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ድንበር ተሻገረ። በዚያው ዓመት የቴርኪዲና የኩሌ መጠለያዎች ተከፈቱ፤ በ2007 ዓ.ም. ጀዊ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ንጉኒኤል ተከተሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጋምቤላ ከተማ ነዋሪ 39 ሺህ ገደማ፣ የመላው ክልል ሕዝብ ደግሞ 307 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ በክልሉ የሚኖሩት ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው።

ስደተኛው የሚኖረው በመጠለያው ነው። እሱን ለማገልገል የሚመጣው ሐኪም፣ የውሃ ባለሙያ፣ ሾፌር፣ ገንዘብ ያዥ ግን ማደሪያ የሚፈልገው ከተማ ውስጥ ነው። ጀዊ ከከተማዋ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ጀዊ የሚሠራው ሰው ቤት የሚከራየው ጋምቤላ ነው። ድርጅት ለቢሮና ለእንግዳ ማረፊያ ሙሉ ግቢ ይይዛል። ጥሩ አጥር፣ የውሃ ሮቶ፣ ጄኔሬተር ማስቀመጫ ያለው ግቢ ደግሞ ብዙ አይደለም። አንዱ አከራይ ግቢውን ለድርጅት በጥሩ ዋጋ ሲያከራይ ጎረቤቱ ሰማ፤ የጎረቤቱም ጎረቤት ሰማ። የጭቃ ሰርቪስ ቤት እንኳ «የድርጅት ዋጋ» መጠየቅ ጀመረ።

ከዚያ ደግሞ ማዕበሉ ሸሸ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ብዙ ፕሮጀክት ተዘጋ፤ በኮንትራት የሚሠራው ሰው ሻንጣውን አነሳ። ታዲያ ኪራይ ወረደ? የሚጠየቀው ዋጋ ሲወርድ ብዙም አላየሁም። አከራዩ ትናንት የተከፈለውን አይረሳም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቆርቆሮና የብረት ዋጋ ስለጨመረ «ዛሬ ይህን ቤት ልሥራው ብል ስንት ይፈጅብኛል?» ይላል፤ እውነትም አለው። ስለዚህ ቤቱ ባዶ ሆኖ ዋጋው ከላይ ተሰቅሎ ይቆያል።

በዚህ መሐል የሚቸገረው ሁልጊዜም አንድ ነው። ከድርጅቱ ጋር የማይመጣና ከድርጅቱ ጋር የማይሄድ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የገቡ፣ ደመወዙ የታወቀ ቤተሰብ ነው። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በወጣው የደመወዝ ማሻሻያ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዙ 11,500 ብር ሆኗል። ከደመወዝ ሢሶው ለቤት ይበቃል የሚለውን የቆየ ልማድ ብንይዝ ለኪራይ የሚተርፈው ከግብር በፊት 3,800 ብር ገደማ ነው። በዚያ ብር ከተማው መሐል የሚገኘው ጠባብ ክፍል ስለሆነ ሰው እየሸሸ ወደ ረባዳው፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ ውሃና መብራት ወዳልገባበት ይሄዳል። ኪራዩ ቀነሰልኝ ይላል።

ርካሹ ቤት የሚያስከፍለው

እውነት ቀንሶለታል? እስቲ አብረን እናስላ። ቁጥሮቹን ለስሌት ብቻ ያዙልኝና በኋላ የራሳችሁን አስገቡ።

አንዱ ቤት ደረቅ ከፍታ ላይ፣ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው፣ በወር 4,000 ብር ነው እንበል። ሌላው ከታች፣ ውሃ የሌለው፣ 3,000 ብር። ልዩነቱ 1,000 ብር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ቢያንስ በቀን አራት ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል። አንዱ ጀሪካን 10 ብር ቢሆን በቀን 40፣ በወር 1,200 ብር። የተረፈው 1,000 ብር በውሃ ብቻ ሄደ፤ 200 ብርም ከኪስ ተጨመረ። ገና ባጃጅ አልቆጠርንም። ልጅ በሌሊት ሲያተኩስ ሐኪም ቤት ለመድረስ የሚከፈለውን አልቆጠርንም።

ወባን ደግሞ ለብቻው ቁጠሩት። በአገራችን ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። ጋምቤላ ቆላ ስለሆነች ወባ ዓመቱን ሙሉ አለች፤ ዝናቡ አልፎ ውሃው ሲቋጥር ትብሳለች። የወባ ትንኝ የምትራባው በቆመ ውሃ ስለሆነ ረባዳ ላይ ያለ ቤት ለእሷ ቅርብ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ቢገኝ እንኳ ልጅ ከትምህርት ይቀራል፤ እናት ወይም አባት ከሥራ ይቀራሉ። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ሦስት ቀን ልጅ ቢያስታምም የሦስት ቀን ገቢው የለም። ይህ በኪራይ ደረሰኝ ላይ አይጻፍም እንጂ የሚከፈለው ለቤቱ ነው።

የጀዊን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። በ2006 ዓ.ም. የመጡት ስደተኞች ከፊሎቹ መጀመሪያ የሰፈሩት ሌይቹዎር በሚባል ሜዳማ ቦታ ነበር። በዚያው ክረምት ውሃው ሞልቶ መጠለያውን አጥለቀለቀው፤ ድንኳኑም፣ ሽንት ቤቱም፣ ክሊኒኩም ውሃ ውስጥ ገባ። ያን ያህል ሕዝብ እንደገና ተጭኖ ወደ ጀዊ መጣ። ጀዊ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የመጀመሪያው ቦታ ክረምትን የማይችል ሆኖ ስለተገኘ ነው። መኪና፣ ገንዘብና ባለሙያ ያላቸው ድርጅቶች እንኳ ሕዝቡን ከውሃ ለማውጣት ወራት ፈጀባቸው። ሦስት ልጆችና አንድ አልጋ ይዞ በነሐሴ ሌሊት ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚከብደው አስቡት።

ለስደተኛው የተቆጠረው ለተከራዩም ይቆጠር

በመጠለያ ሥራ የተማርኩት ትልቅ ነገር መቁጠር ነው። የእርዳታ ድርጅቶች በዓለም ዙሪያ የሚመሩበት «ስፊር» የሚባል መመሪያ አለ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ስፋት፣ በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት ይላል። ይህ ሁሉን ትቶ ነፍሱን ይዞ ለወጣ ሰው የተቀመጠ የመጨረሻ ዝቅተኛ ልክ ነው።

አሁን በዚህ ልክ የምንከራየውን ቤት እንለካው። ሦስት በአራት የሆነ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ነው። ለ3.5 ስናካፍለው ለሦስት ሰው ይበቃል፤ አራተኛው ሲገባ ይጠባል። እናት፣ አባት፣ ሦስት ልጅና አያት ከገቡበት ለአንድ ሰው 2 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ ከአንድ አልጋ ስፋት ብዙም አይዘልም። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ክፍል ቢኖር፣ በየክፍሉ አራት ሰው ቢኖር 24 ሰው ነው። ሽንት ቤቱ አንድ ከሆነ የመጠለያውን ልክ እንኳ አላሟላም ማለት ነው።

ጥበት በሽታ ነው። በአንድ ክፍል ተፋፍገው በሚተኙ ልጆች መካከል ኩፍኝ ሲገባ ሁሉንም ያዳርሳል፤ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት አንድ ትልቅ ሰው ካለ ልጁ በየሌሊቱ አብሮ ይተነፍሰዋል። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ለትልቁም ለትንሹም አደጋ ነው።

ስለዚህ ጠባቡ ቤት ሁሉ ይተው እያልኩ አይደለም። አቅም የሚፈቅደው እሱን ከሆነ ይከራዩት፤ ግን መስኮቱ የሚከፈት፣ ምግብ የሚበስለው ውጭ ወይም በረንዳ ላይ፣ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ ያለው ይሁን። ሁለት ጠባብ ቤቶች ቢቀርቡላችሁ መስኮቱና ሽንት ቤቱ ይለዩላችሁ።

ቤት ስታዩ

ደላላው ቤት የሚያሳየው ለእሱ በሚመቸው ሰዓት ነው። እናንተ ግን ብትችሉ ሦስቴ እዩት።

መጀመሪያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሂዱ። በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በዚያ ሰዓት ሕፃንም አረጋዊም አያስቀምጥም። ቬንትሌተር አለ ቢሏችሁ መብራቱ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ጎረቤት ጠይቁ። የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት የሚወስዱ አያት ካሏችሁ ሙቀቱን ከሁሉ አስቀድሙ።

ሁለተኛ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሂዱ። ትንኙ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። የመንገዱን መብራት፣ የጎረቤቱን ሁኔታ፣ የሰፈሩን ሰላም የምታውቁትም ያን ጊዜ ነው። አያት በሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ስንት እርምጃ እንደሆነና የምትደገፈው ነገር መኖሩን ተመልከቱ።

ሦስተኛ ከዝናብ በኋላ ሂዱ። ጊዜው በጋ ከሆነ ግድግዳውን ከታች እዩ፤ ውሃ ገብቶበት የነበረ ቤት ቀለም ቢቀባም ምልክቱን አይደብቅም። ለጎረቤት ልጆች «በክረምት የት ትጫወታላችሁ?» በሏቸው። ልጅ አይዋሽም፤ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ በእጁ ያሳያችኋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ክትባት ይቋረጥበታል። የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። በዚህ መሐል ሰፈር የቀየረች እናት የቀድሞዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታጣታለች፤ አዲሷ አታውቃትም። ስለዚህ ዕቃ ስትጭኑ የክትባት ካርዱን ከብራችሁ ጋር በአንድ ቦርሳ ያዙ። አዲሱ ሰፈር በገባችሁ ሳምንት ጤና ኬላው ወይም ጤና ጣቢያው ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ከቤት ቤት መንከራተቱ ሲበዛ የሚጎዳው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ውል ለልጅ ጤና ነው እላለሁ።

ውሉ በቃል አይሁን

ረጅም ውል ካልን ሕጉን እንይ። መንግሥት በኪራይ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የእኔ እኩዮች ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታስታውሱታላችሁ። ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። የአሁኑ ከዚያ ይለያል፤ ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ሥርዓት የሚያስይዘው ውሉን ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው መጠን ማለፍ አይችልም። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ጋምቤላም ሆነ ሌላ የክልል ከተማ ያላችሁ የከተማችሁን አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ። ምዝገባው ባይጀመር እንኳ በምስክር ፊት ከመጻፍ የሚከለክል የለም።

ስትጽፉ ከዋጋው ሌላ እነዚህን አትርሱ፦ ውሃና መብራት በማን ቆጣሪ፣ በምን ስሌት እንደሚከፈል፤ ጣሪያ ቢያፈስ የሚያስጠግነው ማን እንደሆነ፤ ሽንት ቤቱን ስንት ሰው እንደሚጠቀም፤ የሚኖረው ሰው ብዛት። የመጨረሻው ብዙ ጠብ ያስነሳል። አያት ከገጠር ለሕክምና መጥታ ሁለት ወር ስትቆይ «ለአራት ሰው ነው ያከራየሁት» የሚል አከራይ አለ። ከመጀመሪያው «እናቴ ትመጣለች» ብሎ ማጻፍ ከዕዳም ከኩርፊያም ያድናል።

ለምታከራዩ አያቶች

ከአንባቢዎቼ ብዙዎቻችሁ ተከራይ ሳትሆኑ አከራይ ናችሁ። ጡረታችሁ ስለማይበቃ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራይታችሁ የምትኖሩ እናቶችና አባቶች አላችሁ። ለእናንተም ስሌት አለኝ።

ቤታችሁን 6,000 ብር ብላችሁ የድርጅት ሰው ስትጠብቁ ሦስት ወር ባዶ ቢቆይ በዓመት የምታገኙት 54,000 ብር ነው። ለመምህሩ ቤተሰብ በ5,000 ብር ብታከራዩት ዓመቱን ሙሉ 60,000 ብር ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚሄድ ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ቀለም አለ፤ ቁልፍ መቀየር አለ፤ የደላላው ኮሚሽን አለ። የድርጅቱ ሰው ይቅር አልልም፤ ሲመጣ ደህና ነው። ግን በጀቱ የሚወሰነው በሩቅ አገር ነው። በ2017 ዓ.ም. እንዳየነው በአንድ ሳምንት ውሳኔ የሚለቅ ተከራይ ላይ የእርጅና ቀለብን ሙሉ በሙሉ መጣል አይመከርም።

ከቤታችሁ ጎን ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሲኖር ደግሞ በብር የማይቆጠር ነገር አለ። ሌሊት ደረታችሁን ቢወጋችሁ ግድግዳ የምታንኳኩለት ሰው አለ። መድኃኒት የሚገዛላችሁ፣ ስልኩን የሚያስተካክልላችሁ ልጅ አለ። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጎረቤት ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ይህን በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከምትጨምሩት ኪራይ በፊት ለቤቱ የምትጨምሩትን አስቡ። የመስኮት ወንፊት፣ ቀላል ኮርኒስ፣ ውሃ የሚወርድበት ቦይ፣ ለግቢው ሁለተኛ ሽንት ቤት። እነዚህ ያሉት ቤት ዋጋውን ለማስከበር ክርክር አያስፈልገውም፤ ተከራዩም ቶሎ አይለቅም።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቤት ለመቀየር ያሰባችሁ ካላችሁ ቸኩሉ፤ በደረቁ ወራት ታይቶ የተመረጠ ቤት በዝናብ ተገዶ ከሚገባበት ይሻላል። ደላላው «ኪራዩ ይህን ያህል ነው» ሲላችሁ «ውሃውስ? ሽንት ቤቱስ? ክረምት የት ይደርሳል? ስንት ዓመት ያከራዩናል?» በሉት። የአራቱን መልስ ይዛችሁ ቤት ስትገቡ ወረቀት ላይ ደምሩት፤ የቤቱ ዋጋ ያ ነው።

ቸር እንሰንብት።